የገሐድ ጨዋታና ሐቀኛ ማስታወቂያ
(በሐሙሲት የሩዝ ገበያ ላይ የተደረገ አጭር ጥናት)

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ተማሪ ሁሉ ሐሙሲትን ያውቃታል። ስሟ እንደሚመሰክረው የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። ከእርሷ አልፈን የጉማራን ወንዝ ስንሻገር የፎገራ ሜዳ በግራም በቀኝም ይዘረጋል፤ ወረታም ከፊት ትጠብቀናለች። በክረምት ውሃ የሚተኛበት ይህ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ ይታወቅ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በአገራችን ከፍተኛ ሩዝ ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኗል።

ይሁን እንጂ በከተማ የሚኖር ቤተሰብ ሩዝ ሊገዛ ወደ ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ከውጭ አገር የመጣውን ነው። ያኛው ስም አለው፤ ሥዕል ያለበት ከረጢትም አለው። የፎገራው ሩዝ ግን ስም ሳይኖረው በማዳበሪያ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ወይም ተፈጭቶ ከጤፍ ጋር ይደባለቅና እንጀራ ሆኖ ሲቀርብ በላተኛው ሳያውቀው ይበላዋል። ስም የሌለው ዕቃ ደግሞ ዋጋውን የሚወስንለት ሌላ ነው።

እኛ ጥቂት ተማሪዎች ይህ ነገር አሳስቦን፣ በክፍል የተማርነውን የገበያ ትምህርት በተግባር ልንፈትነው ተነሣን። ለመሣሪያነት የመረጥነው በሌላው ዓለም ለማስታወቂያ የዋለ አንድ ዓይነት ጨዋታ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ጨዋታው ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጣ፣ እኛ ስንሞክረው ምን ስሕተት እንደ ሠራን፣ ከስሕተቱም በኋላ ምን እንደ ተማርን ነው። ስሕተታችንን የምንጽፈው ለሌሎች ተማሪዎች ይጠቅማል ብለን ስለምናምን እንጂ ራሳችንን ለማሞገስ እንዳልሆነ አንባቢ ሲጨርሰው ይረዳልናል።

1ኛ. ነገሩ ምንድን ነው?

ፈረንጆች «አልተርኔት ሪያሊቲ ጌም» የሚሉትን እኛ በዚህ ጽሑፍ «የገሐድ ጨዋታ» ብለነዋል። የተሻለ ስም ያለው ቢያቀርብ ደስ ይለናል።

የገሐድ ጨዋታ ማለት አንድ ልብ ወለድ ታሪክ በመጽሐፍ ወይም በመድረክ ሳይወሰን በዕለት ኑሯችን መካከል ተበታትኖ የሚነገርበት ጨዋታ ነው። የታሪኩ አንዱ ቁራጭ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት፣ ሌላው በስልክ መልእክት፣ ሌላው በፖስታ ቤት በኩል በመጣ ዕቃ፣ ሌላው በኢንተርኔት ገጽ ላይ ይገኛል። ተጫዋቾቹ ቁርጥራጮቹን እየለቀሙ ይገጣጥማሉ፤ አዘጋጆቹም ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንደ ተጫዋቾቹ አካሄድ ታሪኩን ይቀጥላሉ።

ይህን ጨዋታ ከሌላው የሚለዩት ሦስት ምልክቶች አሉ። አንደኛ፣ መጫወቻ ሰሌዳው ከተማው ራሱ፣ ገበያው ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊፈታው አይችልም፤ አንዱ ቋንቋ፣ ሌላው ሒሳብ፣ ሌላው የአገሩን መንገድ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሰዎች ሳይጠሩ ይሰበሰባሉ። ሦስተኛ፣ የሚያሸንፈው ዕድለኛ ሳይሆን የፈለገና የደከመ ነው። በዚህም በጠርሙስ ቆርኪ ሥር ከሚገኘው ዕጣ ፈጽሞ ይለያል። ቆርኪ የሚከፍት ሰው ስለ መጠጡ አንዳች ነገር አይማርም፤ ዕድሉን ብቻ ይሞክራል። እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው ግን ስለ ነገሩ ሳያውቅ ሊፈታው አይችልም።

2ኛ. ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ2001 የስቲቨን ስፒልበርግ «ኤ.አይ.» የተባለው ፊልም ሊወጣ ሲል፣ በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ከሠራተኞቹ ስሞች መካከል ጃኒን ሳላ የምትባል አንዲት ሴት ተጠቅሳ ነበር። ሥራዋ «የሚያስቡ ማሽኖች ሐኪም» ይላል። እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ አለመኖሩን ያስተዋሉ ሰዎች ስሟን በኢንተርኔት ፈለጉ፤ ፍለጋውም ወደ አንድ የግድያ ታሪክ መራቸው። ጨዋታውን ያዘጋጁት በማይክሮሶፍት ኩባንያ ሥር የተሰባሰቡት ጆርዳን ዋይስማን፣ ኢላን ሊና ደራሲው ሾን ስቱዋርት ነበሩ። «ዘ ቢስት» ወይም «አውሬው» ተብሎ የተጠራውን ይህን ጨዋታ ለመፍታት ከተሰበሰቡት ማኅበራት ውስጥ አንዱ ብቻ ከ7,000 በላይ አባላት ነበሩት።

እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ «ሄሎ 2» የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ለማስታወቅ ሌላ የገሐድ ጨዋታ ተዘጋጀ። ጥቂት ሰዎች በፖስታ የማር ማሰሮ ደረሳቸው፤ በማሩ ውስጥ ፊደላት ነበሩ፤ ፊደላቱ ሲገጣጠሙም «ንቦችን እወዳለሁ» የሚል ስም ወጣ። ቀጥሎም በአሜሪካ ከተሞች በየመንገዱ ያሉ የሕዝብ ስልኮች በተወሰነ ሰዓት እየጮኹ ተጫዋቾቹ ሄደው ያነሡ ነበር።

ነጋዴዎች ይህን ያህል የደከሙበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተለመደው ማስታወቂያ ሰውን በመንገድ ላይ ያስቆመዋል፤ ዜና ሲሰማ ያቋርጠዋል። ሰውየው ሳይፈልግ ይሰማል፤ ወዲያውም ይረሳል። በጨዋታ ግን ፈላጊው ገዢው ነው። ለፍቶ ያገኘውን አይረሳም፤ ለወዳጁም ይነግራል። አባቶቻችን በነጻ የተሰጠን ምክርና በድካም የተገኘን ትምህርት ለይተው ይመዝኑ የነበረውም ለዚህ ነው።

3ኛ. ማታለል የሚገባው በየት በኩል ነው?

የእነዚያ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አዘጋጆች አንድ መመሪያ ነበራቸው፤ ይኸውም «ይህ ጨዋታ አይደለም» የሚል ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለ ገጽ ወይም ሰው ልብ ወለድ መሆኑን ፈጽሞ አያምንም ማለት ነው። ይህ አሠራር ለታሪኩ ጣዕም ይሰጠዋል። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሰዎች ያጋጥሙታል፤ ጨዋታ መሆኑን አውቆ የገባና ሳያውቅ በመንገድ የሚያልፍ። ለመጀመሪያው ምስጢር የሆነው ነገር ለሁለተኛው ሐሰት ወይም ሽብር ሊሆንበት ይችላል።

ለዚህም ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2007 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የሆነው ነው። አንድ የካርቱን ፊልም ለማስታወቅ መብራት ያላቸው ትናንሽ ሰሌዳዎች በድልድይና በመንገድ ዳር ተሰቅለው ነበር። ነገሩ የገሐድ ጨዋታ ሳይሆን ተራ የመንገድ ማስታወቂያ ነው፤ ነገር ግን ምንነቱን የሚናገር ጽሑፍ ስላልነበረበት ፖሊስ ፈንጂ መስሎት መንገዶችን ዘጋ። በመጨረሻም የፊልሙ ባለቤት ኩባንያና ማስታወቂያውን የሠራው ድርጅት 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ያንኑ ሰሌዳ በሌሎች ከተሞች የተመለከቱ ሰዎች ግን አልደነገጡም ነበር። ከዚህ የምንረዳው አንድ ዓይነት ምስጢር በአንድ ቦታ ሳቅ፣ በሌላ ቦታ ፍርሃት ሊሆን እንደሚችል ነው።

በሌላ በኩል፣ ጨዋታ መሆናቸውን ገና ከመጀመሪያው ተናግረው የተሳካላቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኬን ኤክለንድ ያዘጋጀው «ነዳጅ የሌለበት ዓለም» የተባለው ጨዋታ፣ ነዳጅ ቢጠፋ እያንዳንዱ ሰው በመንደሩ እንዴት እንደሚኖር አስቦ እንዲጽፍ ይጠይቅ ነበር። በ32 ቀናት ውስጥ የ32 ሳምንታት ችግር ተጫወቱ፤ 1,900 ያህል ሰዎችም ተመዘገቡ።

እ.ኤ.አ. በ2010 (በ2002 ዓ.ም.) ደግሞ በዓለም ባንክ ኢንስቲቲዩት የወጣውና ጄን ማክጎኒጋል የመራችው «ኢቮክ» በተለይ ለአፍሪካ ወጣቶች ታስቦ የተሠራ ነበር። ለ10 ሳምንታት በቆየው ጨዋታ ከ150 በላይ ከሚሆኑ አገሮች ከ19,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበዋል። በየሳምንቱ ስለ ምግብ ዋስትና፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ኃይል ምንጭና ስለመሳሰለው አንድ ተልእኮ ይሰጣል፤ ተጫዋቹም በገዛ ሰፈሩ አንድ ነገር ሠርቶ ማስረጃውን ያመጣል። ታሪኩ ልብ ወለድ ነው፤ ሥራው ግን እውነተኛ ነው። እንደ እኛ አስተያየት ለአገራችን የሚስማማው መንገድ ይህኛው ነው። ነገር ግን ይህን አስተያየት የያዝነው ከወደቅን በኋላ መሆኑን ቀጥለን እንናገራለን።

4ኛ. በሐሙሲት የሠራነው ስሕተት

አንድ ሐሙስ ማለዳ በካርቶን ላይ የተጻፉ ጥቂት ቁርጥራጭ ካርዶች ይዘን ወደ ሐሙሲት ወረድን። በካርዶቹ ላይ ስማችንን አልጻፍንም፤ የማን ሥራ እንደ ሆነም አልገለጽንም። የጻፍነው «ምስጢሩ ከነጩ እህል ሥር ነው፤ የገባው ይደውል» የሚል ነበር፤ ከሥሩም የአንዳችንን የስልክ ቁጥር አስቀመጥን። ፈረንጆቹ «ይህ ጨዋታ አይደለም» እንዳሉት እኛም ምስጢር ማድረጋችን የሰውን ጉጉት የሚያነሣሣ መሰለን። ካርዶቹን ሰው ሳያየን በሩዝ ማዳበሪያዎች አፍ ላይ ሸጎጥን፤ ከዚያም ራቅ ብለን የሚሆነውን መመልከት ጀመርን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ሩዝ ሻጭ ካርዱን አገኙ። ማንበብ ለሚችል ልጅ ሰጥተው አስነበቡት፤ ፊታቸውም ተለወጠ። ዙሪያቸውን ሲመለከቱ እኛን አዩንና በእጃቸው ጠሩን።

«ልጆቼ፣ ይህን ወረቀት የጣላችሁት እናንተ ናችሁ?»

«አዎ፣ እትዬ። ለጨዋታ ነው፤ ሩዙን ለማስተዋወቅ ብለን ነው» አልናቸው።

«የምን ጨዋታ ነው? አምና በስልክ ደውለው ዕጣ ደርሶሻል አሉኝ። ለማስፈጸሚያ ላኪ እያሉ የአራት ገበያ ትርፌን ወሰዱብኝ። ይህንም ሳየው እነዚያው ሰዎች እስከ ማዳበሪያዬ ድረስ የመጡብኝ መሰለኝ» አሉን።

መልስ አጣን። አጠገባቸው የነበረ አንድ ወጣት ተሸካሚ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሞቼ፣ እናንተስ የተማራችሁ ናችሁ። በዚህ ጊዜ ምስጢር የሚል ወረቀትና የማያውቀው ሰው ስልክ ቁጥር በኪሱ የተገኘ ገበሬ ምን እንደሚደርስበት አላሰባችሁም?» አለን።

አላሰብንም ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ባለፉት የግጭት ዓመታት ሰው በመንገድ ላይ መፈተሹን፣ ስለ ትንሽ ነገርም መጠርጠሩን እኛው ራሳችን እናውቃለን። እያወቅንም ምስጢር የሚመስል ወረቀት በሌላ ሰው ማዳበሪያ ውስጥ አኖርን። በዚያን ሰዓት ጨዋታው ቀረና ካርዶቹን ለመልቀም ሻጭ ከሻጭ ዞርን፤ ለእያንዳንዱም ማን እንደ ሆንን እየነገርን ይቅርታ ጠየቅን። ሁለቱን ግን ሳናገኛቸው ገበያው ተበተነ። ማዳበሪያዎቹ ተሸጠው ወዴት እንደ ተወሰዱ የሚነግረን አልነበረም። ካርዱ ላይ ቁጥሩ የነበረው ጓደኛችን ስልኩን ዘግቶ አላደረም፤ ማንም ቢደውል ነገሩን ሊያስረዳ በመጠበቅ አድሯል። ማንም አልደወለም። እኛም እስከ ዛሬ ስለ ሁለቱ ካርዶች ስናስብ እንሠጋለን።

5ኛ. ሴትዮዋ ያስተማሩን

ይቅርታ ልንጠይቃቸው ተመልሰን ስንሄድ እትዬ የነገሩን ቃል የዚህ ጥናት ዋና ፍሬ ነው። «እንቆቅልሽ የሚጫወት ሰው መጀመሪያ እንቆቅልህ ይላል፤ ከኋላ መጥቶ አያስደነግጥም» አሉን።

እስቲ ይህን ቃል እንመርምረው። በልጅነታችን በምሽት እሳት ዳር ስንጫወት ጠያቂው «እንቆቅልህ!» ይላል፤ ተጠያቂውም «ምን አውቅልህ!» ይላል። ይህ ንግግር እንዲሁ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ውል ነው። ጠያቂው «አሁን የምናገረው እንቆቅልሽ ነው» ብሎ አስታወቀ፤ ተጠያቂውም «ገብቶኛል፤ ተቀብያለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ የሚነገረው ነገር የቱንም ያህል ቢሸፈን ሐሰት ሊባል አይችልም። ተጠያቂው ሲያቅተው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አገሩንም ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ስለዚህ ጨዋታው ሦስት ነገር አለው፤ የሚታወቅ መግቢያ፣ በነጻ የሚገባበት ፈቃድ፣ መልሱ የግድ የሚነገርበት መውጫ።

ቅኔም እንዲሁ ነው። ሰሙ ወርቁን ይሸፍናል፤ ሰሚው ግን ወርቅ እንዳለ ስለሚያውቅ ይፈልገዋል። ባለቅኔው ሰውን አታለለ የሚል ማንም የለም። ወርቅ ሳይኖር ሰም ብቻ የሚሸጥ ሰው ግን አታላይ ነው። ብዙው የማስታወቂያ ሥራ የሚነቀፈውም በዚህ ነው።

ከቅርብ ጊዜም ምሳሌ አለን። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተባለው ተከታታይ ድራማ 257 ክፍሎች ነበሩት። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች.አይ.ቪ. ለማስተማር የተዘጋጀ ነበር። አድማጮች ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች እንደ ጻፉለት ተመዝግቧል። ሰዎቹ ልብ ወለድ መሆናቸው ይታወቅ ነበር፤ ይህ መታወቁ ግን የአድማጩን ልብ አላቀዘቀዘውም። እንግዲያስ «ጨዋታ መሆኑ ከተነገረ ጣዕሙ ይጠፋል» የሚለው አባባል በገዛ አገራችን ልምድ ውድቅ ይሆናል።

6ኛ. የምንናገረው እውነት ምንድን ነው?

ወርቅ ከሌለ ሰሙ ዋጋ የለውም ካልን፣ የፎገራ ሩዝ ወርቁ ምንድን ነው ብለን መጠየቅ አለብን።

ሩዝ በዚህ ሜዳ የተስፋፋው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ ባለሞያዎች ባደረጉት እርዳታ በደራ ወረዳ በጅግና፣ በፎገራ ወረዳም በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞከረ። ከዚያ የወጣው ነጭ ዘር «ኤክስ ጅግና» ተብሎ ይጠራል፤ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ውሃ ስለሚተኛበት ለሌላ አዝመራ ያስቸግር የነበረው መሬት ለሩዝ ተስማማ። ገበሬው ሩዙን ለእንጀራ፣ ለዳቦ፣ ለጠላና ለአረቄ ያውለዋል፤ ገለባው ደግሞ ለከብት ይሆናል። መንግሥትም ሩዝን «የሚሌኒየሙ ሰብል» ብሎ የሰየመው ሲሆን በፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አቋቁሟል። በሐሙሲት ገበያ ሩዝ የሚገዛ ሰው የጅግናን ስም ከነታሪኩ ቢያውቅ፣ በእጁ የያዘው እህል የጎረቤት ወረዳ ልጅ መሆኑን ይረዳል።

ነገር ግን እውነት ማለት መልካሙን ብቻ መናገር አይደለም። የአገር ውስጡ ሩዝ በቀላል መፈልፈያ ሲፈለፈል ብዙ ይሰበራል። መሬት ላይ የተሰጣ ከሆነ ጠጠር ይገባበታል። ልዩ ልዩ ዘሮች በአንድ ማዳበሪያ ስለሚቀላቀሉ አንዱ ቀድሞ ይበስላል፤ ሌላው ይዘገያል። ስብራቱን ለመቀነስ ሩዙን ከነቅርፊቱ ዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት ቀቅሎና አድርቆ ከዚያ መፈልፈል እንደሚረዳ የታወቀ ነው፤ ይህም ተጨማሪ ማገዶና ድካም ይጠይቃል። እነዚህን ጉድለቶች ደብቀን ብናስተዋውቅ ገዢው አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሁለተኛ አይመለስም።

ጉድለትንም ጭምር በግልጥ ማሳየት ገበያ እንደማያጠፋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኘው፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1972 የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የሽመና ሥራውን የሚያስተዋውቀው በሩን ከፍቶ ነው። ጎብኚው ቤቱን ያያል፤ ሽመናውን ያያል፤ ሴትና ወንድ ሥራን ያለ ልዩነት ሲሠሩ ያያል፤ ከዚያ ወዶ ይገዛል። ፓውሊና ቴርቮና ሰርዳር ፈሪት የተባሉ የፊልም ሰዎችም መንደሩን በኢንተርኔት እየተዘዋወሩ የሚጎበኙበትን ሥራ አዘጋጅተዋል። ጎብኚው ከቤት ወደ ቤት እንደ ጨዋታ ይሄዳል፤ የሚያገኛቸው ሰዎችና የሚናገሩት ታሪክ ግን እውነተኛ ነው።

7ኛ. እንደገና የተዘጋጀው ዕቅድ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሦስት ሐሙሶች የሚሆን አዲስ ዕቅድ አውጥተናል። እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያው ሐሙስ በገበያው መግቢያ በግልጥ ቆመን «እንቆቅልህ!» እንላለን። ካርዱን በእጅ እንሰጣለን እንጂ አንደብቅም። በካርዱ ራስ ላይ «ይህ ጨዋታ ነው፤ ያዘጋጁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ስልክ አይደወልበትም» የሚል ይጻፋል። ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል ይነገረዋል። እንቆቅልሹም «በውሃ ተወልዶ በፀሐይ የሚደርቅ፣ ልብሱን አውልቆ ወደ ገበያ የሚወጣ» የሚል ነው። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መግቢያው ቀላል መሆን አለበትና።

በሁለተኛው ሐሙስ ጥያቄው «በሩቅ ሰው እጅ ተሞክሮ በጎረቤት ስም የሚጠራ» የሚል ይሆናል። መልሱን ለማግኘት ተጫዋቹ ሦስት ሰዎችን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ሩዝ ሻጯን፣ የመፈልፈያውን ሠራተኛና ከጅግና አካባቢ የመጣን ገበሬ። እያንዳንዳቸው አንድ ቁራጭ ይነግሩታል። ሻጯ ዘሩን በዓይን እንዴት እንደሚለዩት፣ ሠራተኛው ሩዝ ለምን እንደሚሰበር፣ ገበሬው ስሙ ከየት እንደ መጣ ይነግሩታል። እነዚህ ሰዎች አስቀድመው የተስማሙና ለዋሉበት ጊዜ ተገቢው የሚታሰብላቸው ይሆናሉ።

በሦስተኛው ሐሙስ የፎገራው ሩዝና የውጭው ሩዝ በአንድ ዓይነት ድስት፣ በአንድ ዓይነት ጨውና ዘይት ተቀቅለው ስማቸው ሳይነገር ይቀርባሉ። ተጫዋቾቹ ቀምሰው ይፈርዳሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ እፍኝ ወስደውም ሙሉውን ከተሰበረው እየለዩ ይቆጥራሉ። የውጭው ቢያሸንፍም ውጤቱ በዚያው በገበያው ፊት ይነገራል። ጨዋታችን ሐቀኛ መሆኑ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ መሸነፍ የማይቻልበት ውድድር ማስታወቂያ እንጂ ፈተና አይደለምና።

ሽልማቱ በዕጣ አይሰጥም። ሦስቱንም የፈጸመ ሁሉ እኩል አንድ ኪሎ ሩዝ ይወስዳል። ዕጣ ያለ ፈቃድ ማካሄድ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ጨዋታውን ወደ ዕድል ይለውጠዋል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ እውነትን የያዘና የማያሳስት እንዲሆን አዟል፤ እኛ ግን አዋጁ ባይኖርም የእትዬ ቃል ይበቃናል። በተጨማሪም የቀበሌው አስተዳደር፣ የገበያው ሽማግሌዎችና ሻጮቹ አስቀድመው ይነገራቸዋል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለብዙ ወራት ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜ ስለምናስታውስ፣ ጨዋታው በቃልና በካርድ ብቻ የሚሄድ ነው። የጸጥታው ሁኔታ በሚያሠጋ ሐሙስ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

የጨዋታው ውጤት የሚለካው በሳቅና በጭብጨባ አይደለም። በአራተኛው ሐሙስ፣ ጨዋታ በሌለበት ቀን፣ ተመልሶ የፎገራን ሩዝ በስሙ ጠርቶ የሚገዛ ሰው ስንት ነው የሚለውን ከሻጮቹ ጋር ሆነን እንቆጥራለን።

8ኛ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ኪሎ ሩዝ ነውን?» ብለውናል። መልሳችን፣ ድካሙ ለሩዙ ብቻ አይደለም የሚል ነው። በስልክ ማጭበርበር የተጎዳ ገበያ ማንኛውንም አዲስ ነገር ይፈራል። በግልጥ የተጀመረና በግልጥ የተፈጸመ አንድ ጨዋታ፣ ሰው የማያውቀውን ነገር ሁሉ በማመን ወይም ሁሉን በመፍራት ፈንታ «ያዘጋጀው ማን ነው? ምን ያስከፍላል? መውጫው የት ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ያለማምዳል። ይህ ልምድ ከሩዙ የበለጠ ዋጋ አለው።

ሌሎች ደግሞ «ስሙ ቢታወቅና ዋጋው ቢጨምር ትርፉ ለነጋዴው እንጂ ለገበሬው አይደርስም» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በጨዋታ የሚመለስም አይደለም። ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ ራሱ ካላስፈለፈለና ካልሸጠ በቀር የስሙን ጥቅም ሌላ ሰው እንደሚወስደው እናምናለን። ጨዋታ ስም ሊሰጥ ይችላል፤ ሚዛን ግን ሊያስተካክል አይችልም። ከሩዙ ውስጥም ጠጠር ሊለቅም አይችልም። ስለዚህ ማስታወቂያን የሚያጠና ተማሪ የመፈልፈያውንና የኅብረት ሥራውን ጉዳይ ከሚያጠኑት ጓደኞቹ ጋር አብሮ መሥራት ይገባዋል።

በማጠቃለያ የምንለው ይህ ነው። የገሐድ ጨዋታ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ቢመስልም ሐቁ በእኛው እሳት ዳር የኖረ ነው። መግቢያውን አስታውቅ፤ ፈቃድን ጠይቅ፤ መልሱን አትደብቅ። ይህን ያላሟላ ጨዋታ በሌላ አገር ምንም ያህል ቢደነቅ በሐሙሲት ገበያ አንድ ቀን እንኳ መቆም የለበትም። እኛ ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ አስደንግጠናቸው ሳለ «ልጆቼ» ብለው ከጠሩን እናት ነው። ዕቅዱን ለእርሳቸው ስናነብላቸው እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «እንግዲህ ምን አውቅልህ እላለሁ» ብለውናል።

ዕቅዱን የሚነቅፍ፣ የሚያርም ወይም በሦስቱ ሐሙሶች አብሮን ሊወርድ የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር ሐሳቡን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያድርስልን፤ በሚቀጥለው እትም ውጤቱን፣ መልካምም ቢሆን መጥፎ፣ እናቀርባለን።